በልጅ ዕድሜ የተከፈለ ስለት፦ እምነትና ግብረ ገብ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»



ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ በተወራ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «ሰውዬው አማኝ ነበሩ ወይስ የቤተ ክርስቲያን ነቃፊ?» የሚል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን በኪሱ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ የመጽሐፉን ነቃፊ ገጸ ባሕርይ፣ ጉዱ ካሣን ይጠቅስና «ይህን ሁሉ የጻፈ ሰው ምን እምነት ተርፎት?» ይላል። ሌላው የመጨረሻዎቹን ገጾች፣ ምንኩስናውንና መቃብሩን ያነሣና «ይህማ ገድል ነው እንጂ ልብ ወለድ አይደለም» ይላል። ሁለቱም ያነበቡት አንዱኑ መጽሐፍ ነው።

የደራሲን እምነት ከልብ ወለዱ ቆፍሮ ማውጣት ለንስሐ አባቱ ቢተው ይሻላል። እኛ አንባቢዎች ልንከታተለው የምንችለው ሌላ ነገር አለ። በዚያ ዓለም ውስጥ ያሉ ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ምን ያደርጋሉ? የሚያደርጉትስ ዋጋው ከማን ላይ ይወርዳል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዞ የገባ ሰው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሳይጠፋ ይሄድበታል ብዬ አምናለሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ ብዙ ስም ተሰጥቶታል፤ የባላባቱን ሥርዓት ያጋለጠ፣ አሳዛኝ የፍቅር ታሪክ፣ የጎጃም ባህል መዝገብ። አንዱንም አልክድም። እኔ ግን የማነበው እንደ ስለት መጽሐፍ ነው። ታሪኩ የሚነሣው በስለት ነው፤ የሚዘጋውም በሌላ ዓይነት ስለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ በእኔ ግምት፣ ሐዲስ ስለ እምነትና ስለ ግብረ ገብ ያላቸው ሐሳብ ሁሉ ያደረበት ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ሰውዬው ጥቂት ልበል። ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ቦታ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩትም ቅኔ የተማሩትም በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩባቸው አድባራት ናቸው። ከዚያ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ቀመሱ። ጣሊያን ሲወረን ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፣ ተማረኩ፣ ሰባት ዓመት ያህል በጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ዲፕሎማት፣ አምባሳደርና የትምህርት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሐዲስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲጽፉ ከደጅ ቆመው የሚያዩ ሰው አይደሉም። የቆሎ ተማሪን ረኀብ፣ የውሻውን ጩኸት፣ የመምህሩን ቁጣ፣ ቅኔ በተሳካ ቀን የሚሰማውን ደስታ ያውቁታል። የመጽሐፉን ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህን ዲማ ጊዮርጊስ ሲያስገቡት ራሳቸው በረገጡት ግቢ ነው የሚያስገቡት። ስለዚህ ነቀፌታቸው የቤተሰብ ነቀፌታ ነው፤ የቤተሰብ ነቀፌታ ደግሞ ከባዕድ ነቀፌታ ይልቅ አጥንት ድረስ ይገባል። ከእሳቸው በፊት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን ሲጽፉ ግብረ ገብን ያስተማሩት በምሳሌ ነው። በዚያ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ አንባቢው ማንን መከተል፣ ከማን መሸሽ እንዳለበት አይጠፋውም። ሐዲስ ይህን ምቾት ነሡን። በእሳቸው መጽሐፍ ውስጥ ትልቁን ጉዳት የምታደርሰው ሰው አፍቃሪ እናት ናት።

አሁን ወደ ስለቱ እንግባ።

የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ናት። ባሎቿ እየተከታተሉ በመሞታቸው አገሩ «ገፊ» ብሏታል። ይህን ቃል የሰማ ሰው ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ሴትዮዋ ምንም ሳታደርግ ወንጀለኛ ሆናለች። እንዲህ ያለች ሴት ቦጋለ መብራቱን ታገባለች፤ እሱም ወገን የሌለው ብቸኛ ሰው ነው። በማንኩሳ ወንድ ልጅ ይወልዳሉ። ልጁ ይታመማል። እናትየው በሕይወቷ ያየችው ሁሉ፣ የምትወደው ነገር ከእጇ እንደሚወሰድ ነው ያስተማራት። ስለዚህ ልጁን ከመወሰዱ በፊት ራሷ ትሰጠዋለች፤ ከተረፈልኝ የእግዚአብሔር ይሁን፣ ሚስት አያግባ፣ ቤተ ክርስቲያን ያገልግል ብላ ትሳላለች።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ በጥድፊያ ያልፋል። «የኋላ ቀር እምነት ውጤት» ብሎ በአንድ መስመር ይገላገለዋል። ሐዲስ ግን እንዲህ አልጻፉትም። ውድነሽን አላሾፉባትም። ፍርሃቷን ከሥሩ ጀምረው፣ ባል በባል፣ ለቅሶ በለቅሶ ገነቡትና ስለቱ ጋ ስንደርስ እኛም አብረናት እንድንሳል አደረጉን። እስቲ በሐቀኝነት እንነጋገር፤ ከመካከላችን በታመመ ልጅ ራስጌ ቁጭ ብሎ አንድም ነገር ያልተሳለ ወላጅ ስንት ነው? ለቁልቢ ገብርኤል፣ ለግሸን ማርያም ጃንጥላና ምንጣፍ የሚጎርፈው ከየት ነው? ልዩነቱ ጃንጥላ የሚሳል ሰው የራሱን ገንዘብ መሳሉ ነው። ውድነሽ የተሳለችው ገና ያልኖረበትን የሌላ ሰው ዕድሜ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ አንባቢ ወዲያው የሚያስባቸው ሰዎች አሉ። ሐና ልጇን ሳሙኤልን ሰጥታለች። እመቤታችንንም ወላጆቿ ኢያቄምና ሐና በስለታቸው መሠረት ገና በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ አስገብተዋታል፤ ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ብለን የምናከብረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ውድነሽ ያደረገችው ከትውፊት የወጣ ነገር የለውም፤ መንገዱ የቅዱሳን መንገድ ነው። ነገር ግን በመጽሐፈ መሳፍንት ሌላ ተሳይም አለ፤ ዮፍታሔ። ከጦርነት በድል ስመለስ ከቤቴ ደጅ ሊቀበለኝ የሚወጣውን እሰጣለሁ ብሎ ተሳለና አንዲት ልጁ ከበሮ ይዛ እየዘፈነች ወጣች። ልጅቱ ስለቱን አልሰበረችም፤ የጠየቀችው በተራሮች ላይ ስለ ድንግልናዋ የምታለቅስበት ሁለት ወር ብቻ ነው።

ውድነሽ ራሷን እንደ ሳሙኤል እናት እንደ ሐና ታያለች። ሐዲስ የጻፉት ግን የዮፍታሔን ልጅ ታሪክ ነው። ሳሙኤል እናቱ ብትሰጠውም ሌሊት በስሙ ሲጠራ የመለሰው ራሱ ነው። በዛብህን ማንም በሌሊት አልጠራውም። እናቱ ስለ እሱ መለሰችለት፤ እሱም መልሷን ተሸክሞ ኖረ። እዚህ ላይ የሐዲስ የግብረ ገብ ጥያቄ ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ሰው ስለ ሌላው ሰው ነፍስ ለእግዚአብሔር ቃል መግባት ይችላል ወይ?

በዛብህ ራሱ እምነት የለሽ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ በአምሳ ገጽ ባለቀ ነበር። ስለቱን የእናቴ ጉዳይ ብሎ ትቶ፣ የወደዳትን ሰብለ ወንጌልን ይዞ ይሄድ ነበር። መከራው የመጣው በማመኑ ነው። የተማረ ነው፣ ባለቅኔ ነው፣ ድምፁ ያማረ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የገባው ልጅ ነው። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሰብለን እንዲያስተምር ሲገባና ፍቅር ሲይዘው ከሁለት ወገን ይጨነቃል። ከላይ ስለቱ አለ፤ ከፊቱ የባላባት ዘር አለ። እሱ የድኃ ልጅ ነው፤ እሷ የፊታውራሪ ልጅ ናት። ሐዲስ እነዚህን ሁለት አጥሮች ጎን ለጎን ማቆማቸው አለነገር አይደለም። አንዱ «እግዚአብሔር አይወድም» ይላል፤ ሌላው «ዘር አይፈቅድም» ይላል። አንባቢው ቀስ በቀስ ሁለቱ አጥሮች በአንድ እጅ የታጠሩ መሆናቸውን መጠርጠር ይጀምራል።

ፊታውራሪ መሸሻን በአጭሩ ልለፋቸው፤ መጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ቦታ ቢይዙም ለዛሬው ርእሳችን ነገራቸው ግልጽ ነው። ይጾማሉ፣ የነፍስ አባት አላቸው፣ ግብዣቸው ላይ ካህናት ይቀመጣሉ። እምነታቸው እንደ ካባቸው ነው፤ በአደባባይ ይለበሳል፣ ከሥሩ ያለውን ሰው አይነካውም። ባላገሩን ከደንቡ በላይ እጅ መንሻ አምጣ ሲሉትና ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት እንቢ ሲል፣ ታሪኩ ከጓዳ ወደ ሜዳ ይወጣል። ልብ በሉልኝ፤ ያ ገበሬ ያመፀው በእግዚአብሔር ላይ አይደለም። የተለመደውን ግብር አልከፍልም አላለም። ያለው «ከደንቡ ያለፈ ነው» ነው። የሐዲስ ገበሬዎች ከጌታቸው ይልቅ ሕግ አክባሪዎች፣ ከጌታቸው ይልቅ እግዚአብሔርን ፈሪዎች ናቸው። ሐዲስ በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል መጽሐፍ ማሳተማቸውን ያስታወሰ ሰው የአስተዳደሩ ጥያቄ በልብ ወለድ ብቻ የቀረ እንዳልሆነ ይረዳል።

ወደ ጉዱ ካሣ እንሂድ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው።

ጉዱ ካሣ ከባላባት ወገን የተወለደ የተማረ ሰው ነው። ያየውን ስለሚናገር አገሩ «ጉድ» ብሎታል፣ እብድ ብሎታል። የማኅበሩን ኑሮ በድንጋይ ካብ መስሎ፣ የላይኛው የታችኛውን እየተጫነ እንዴት እንደቆመና የታችኛው ሲፈርስ የላይኛው ምን እንደሚሆን ሲያስረዳ የማይደነቅ አንባቢ የለም። ስለዚህ አንባቢው «ይህ ራሱ ሐዲስ ነው» ይላል። ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ «ደራሲው በጉዱ ካሣ አፍ እንዲህ ይላል» ብለው ሲጽፉ ዘወትር አያለሁ። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር በቀይ እሰምርበታለሁ።

ምክንያቴ ይኸው። ጉዱ ካሣ ሁሉን ያያል፤ ማንንም ግን አያድንም። የሚለው እውነት ነው፤ እውነቱ በዛብህን ከሽሽት፣ ሰብለን ከመከራ አላዳነም። ሐዲስ ሐሳባቸውን በአንድ ሰው አፍ ለማስተላለፍ ቢፈልጉ ኖሮ ያን ሰው እንዲህ አቅመ ቢስ አያደርጉትም ነበር። ትልልቅ ደራሲዎች ለጠንካራው ተቃዋሚ ጠንካራ አፍ ይሰጡታል፤ ከዚያ የሚመልሱለት በክርክር ሳይሆን በሌላ ሰው ሕይወት ነው። ዶስቶየቭስኪ በ1880 በፈረንጆች አቆጣጠር ባጠናቀቀው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥ ይህንኑ አድርጓል። ከወንድማማቾቹ አንዱ ኢቫን ስለ ሕፃናት ሥቃይ ያነሣውን ክስ ማንም በቃል አያፈርሰውም፤ መልሱ ሽማግሌው መነኩሴ ዞሲማ የኖረው ኑሮ ነው። በሐዲስም መጽሐፍ ለጉዱ ካሣ መልስ የምትሆን ሰው አለች። እሷም ሰብለ ናት።

ስለ ሰብለ ወንጌል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ውበቷና እንባዋ ነው። ይህ ይበድላታል። ሰብለ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የምትለወጥ ሰው ናት። ስናገኛት አባቷ ለዘሯ የሚመጥን ባል እየመረጡና እየመለሱ ዕድሜዋን ያሳለፉባት፣ በጓዳ የተቀመጠች ልጅ ናት። እንደ በዛብህ ሁሉ የሷንም ሕይወት የወሰነው ሌላ ሰው ነው። እሱን እናቱ ለእግዚአብሔር ሰጠችው፤ እሷን አባቷ ለዘራቸው ክብር ሰጧት። ሁለት የተሳሉ ልጆች ናቸው ብል አላጋነንኩም። የተዋደዱትም አለምክንያት አይመስለኝም።

በዛብህ ሸሽቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እሷ ቤቷን ጥላ ፍለጋ ትወጣለች። የፊታውራሪ ልጅ በእግሯ! የምታገኘው ግን በሽፍታ ተደብድቦ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። እዚያው በሞት አፋፍ ላይ ይጋባሉ፤ እሱ ይሞታል፤ እሷ ትመነኩሳለች፤ ከመቃብሩ አጠገብ ኖራ እሷም ትሞታለች።

አሁን ሁለቱን ጫፎች አስተያዩዋቸው። በመጀመሪያው ምዕራፍ አካባቢ አንዲት ሴት ልጇ ሳያውቅ የምንኩስናን ሕይወት ትወስንበታለች። በመጨረሻው አንዲት ሴት ማንም ሳያዝዛት የምንኩስናን ሕይወት ለራሷ ትወስናለች። ቆቡ ያው ቆብ ነው። ጸሎቱም፣ ጾሙም፣ ሥርዓቱም ያው ነው። የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከፋዩ። ውድነሽ በልጇ ዕድሜ ከፈለች፤ ሰብለ በራሷ ዕድሜ ከፈለች። ሐዲስ ምንኩስናን አልነቀፉም። ቢነቅፉት ኖሮ እጅግ የወደዷትን ሰው ቆብ አያስደፏትም ነበር። የነቀፉት ለሌላ ሰው የሚደፋውን ቆብ ነው።

ይህ ንባብ ሁሉን እንደማይፈታ አውቃለሁ። አንድ ቄስ ወይም አንዲት አጥባቂ እናት ብትነሣና «ስለቱን ስላፈረሰ አይደል ሽፍታ የበላው?» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? መጽሐፉ ይህን በር አልዘጋውም። የበዛብህ ሞት ከመንገድ ላይ የመጣ አደጋ ነው፤ አደጋ ደግሞ ላመነ ሰው ቁጣ ሊመስል ይችላል። እኔ ይህን እንደ መጽሐፉ ድክመት የምቆጥርበት ጊዜ ነበር፤ ደራሲው ውሳኔውን ለሽፍታ ለምን ተወው እያልኩ አጉረመርም ነበር። ዛሬም ቢሆን በቴክኒክ ረገድ ደካማ ነው እላለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ መጨረሻው የተጣደፈ ነው። ነገር ግን ሽፍታው ለፍርዱ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ሐዲስ እግዚአብሔርን በመጽሐፋቸው ውስጥ አላናገሩትም። ሰዎች ስለ እሱ ይናገራሉ፣ በስሙ ይምላሉ፣ በስሙ ይከለክላሉ፤ እሱ ራሱ ዝም ይላል። ያን ዝምታ ቁጣ ብሎ የሚያነበው እንዳለ ሁሉ ምሕረት ብሎ የሚያነበው አለ፤ ሁለቱ ተጋብተው ነውና የሞቱት። አንባቢው እዚህ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ስለ ሐዲስ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ራሱ የሚናገረው ይበልጣል።

ከዚህ ተነሥቶ፣ የአንድን ደራሲ እምነትና ግብረ ገብ ማጥናት ለሚፈልግ ወጣት የምሰጠው ምክር አጭር ነው። የተጠቀሰውን ጥቅስ ከመቁጠርህ በፊት የወጣውን ወጪ ቁጠር። «ይህ ገጸ ባሕርይ ስለ እግዚአብሔር ምን አለ?» ከማለትህ በፊት «ይህን ካለ በኋላ ማን ራበው፣ ማን ተሰደደ፣ ማን ዳነ?» በል። ተራኪው መቼ ዝም እንደሚልና መቼ እንደሚያሾፍ ለይ፤ ሐዲስ ፊታውራሪን ያሾፉባቸዋል፣ ውድነሽን አላሾፉባትም፤ ይህ ምርጫ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ያጽፋል። ወደ ኋለኞቹ ሥራዎቻቸውም ተሻገር፤ በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ «ወንጀለኛው ዳኛ» ነው። ፈራጁ ራሱ ሲፈረድበት ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከርእሱ ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጥናት ይልቅ ከጆሮ የሚመጣ ነው። ይህን መጽሐፍ ብዙ ኢትዮጵያዊ ያወቀው በዓይኑ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ሥራ አቁመው ሰምተውታል። ስለ በዛብህ ዕጣ ከምሁራን በፊት የተከራከሩት እነሱ ናቸው፤ ውድነሽ ጥፋተኛ ናት ወይስ አይደለችም በሚለው ላይ የሰጡት ፍርድ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። በዩኒቨርሲቲ ስለ ሐዲስ የምንጽፈው ጥናት ሁሉ ይህን የጎደለ ምስክርነት ይዞ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው። እቤታችሁ ያንን ትረካ በሬዲዮ የሰሙ አያት፣ እናት ወይም አክስት ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ከአጠገባቸው ቁጭ በሉና ጠይቋቸው፤ ያኔ በማን ፈረዱ? አሁንስ? ልጅ የተሳሉ እንደሆነም በጨዋነት ጠይቁ። የሚሏችሁን ጻፉት፤ ቀንና ቦታም አኑሩበት። መጽሐፉ ያላችሁም የውድነሽን ስለትና የሰብለን ምንኩስና በአንድ ቀን፣ አንዱን ከአንዱ አስከትላችሁ አንብቧቸው።